ሥዕሉ ሳይበላሽ ሥዕሉ ሲጠፋ
ስለ ፕሮግራምና ስለ ማስኬጃው ሥሪት አለመስማማት ለነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

ቀድሞ ሻጭና ገዥ ዕቃውን በመካከላቸው አስቀምጠው፥ በእጅ ዳስሰው፥ በዓይን አይተው፥ በአፍንጫም አሽትተው ይዋዋሉ ነበር። ዛሬ ግን ገዥው በባሕር ማዶ፥ ዕቃው በአዲስ አበባ ወይም በጅማ መጋዘን ሆኖ ሳለ ሁለቱን አስቀድሞ የሚያገናኛቸው ብዙ ጊዜ ሥዕል ነው። የጫማው ፎቶግራፍ በድረ ገጽ ላይ ይታያል፤ የድርጅቱ ምልክት በኢንቮይሱ ራስ ላይ ይታተማል፤ ባርኮዱ በካርቶኑ ጎን ይለጠፋል፤ በስካነር የተነሣው ሰነድ በኮምፒዩተር ይላካል። ስለዚህ ሥዕል በዛሬው ንግድ የሥራ መሣሪያ እንጂ ጌጥ አይደለም። ሥዕሉ ሳይታይ የቀረ እንደ ሆነ ዕቃው በመጋዘን ሞልቶ ሳለ በገበያ እንደሌለ ይቈጠራል።

እንዲህ ያለው ችግር በደረሰ ጊዜ ነጋዴው አስቀድሞ የሚጠረጥረው ፎቶግራፉን ነው። ፎቶግራፍ አንሺው እንደ ገና ይጠራል፤ አዲስ ካሜራ ይገዛል፤ አንዳንዴም ኮምፒዩተሩ አርጅቷል ተብሎ ሌላ ይተካል። ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ግን ነገሩ ባለበት ሆኖ ይገኛል። ሥዕሉ ጤናማ ሆኖ ሳለ ሥዕሉን የሚያዘጋጀው ፕሮግራምና ፕሮግራሙ የሚሠራበት ሶፍትዌር በሥሪታቸው ሳይስማሙ ሊቀሩ ይችላሉና ነው። የዚህ ትምህርት ዓላማ ነጋዴውን የኮምፒዩተር ባለሙያ ለማድረግ አይደለም። ለባለሙያው ተገቢውን ጥያቄ እንዲያቀርብ፥ ለማያስፈልገውም ጥገና ገንዘብ እንዳይከፍል ለማስቻል ነው።

፩. ማስኬጃና ሥሪት ምንድን ናቸው?

ማንኛውም ፕሮግራም ብቻውን ቆሞ አይሠራም። ባለሙያው ፕሮግራሙን በአንድ የኮምፒዩተር ቋንቋ ይጽፈዋል፤ የተጻፈውን ለኮምፒዩተሩ እየተረጐመ የሚያስፈጽመው ግን ሌላ ሶፍትዌር ነው። ባለሙያዎች ይህን ራንታይም ይሉታል፤ በዚህ ጽሑፍ «ማስኬጃ» ተብሏል። በድረ ገጽ ሥራ ላይ በብዛት የሚገኘው ፒኤችፒ፥ በትልልቅ ድርጅቶች ሥራ የታወቀው ጃቫ፥ የማይክሮሶፍት ዶትኔት፥ እንዲሁም ፓይተን የዚህ ዐይነት ማስኬጃዎች አሏቸው። ማስኬጃውም በተራው ሥዕል የሚከፍቱለት፥ የሚያሳንሱለትና የሚያትሙለት ላይብረሪ የሚባሉ ረዳቶች አሉት። ሁሉም በየጊዜው ይታደሳሉ፤ እያንዳንዱም እድሳት በቍጥር ይለያል። ይህ ቍጥር ሥሪት ወይም ቨርዥን ይባላል።

ነገሩን በንግድ ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። ቡና ነጋዴ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም፥ ኩንታል ደግሞ 100 ኪሎ ግራም መሆኑን ያውቃል። በአንድ የቆየ መዝገብ ላይ መስፈሪያው ሳይጠቀስ «ቡና 50» ተብሎ ብቻ ተጽፎ ነበር እንበል። የቀድሞው የመጋዘን ኃላፊ ነገሩ በፈረሱላ መሆኑን በልማድ ያውቅ ነበርና 850 ኪሎ መዝኖ ያወጣ ነበር። አዲሱ ኃላፊ ግን በኩንታል ቢያነበው 5,000 ኪሎ ያወጣል። ቡናው አልተበላሸም፤ ጽሑፉም አልተፋቀም፤ የተለወጠው አንባቢው ነው። ፕሮግራምም እንዲሁ በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ ያልሰፈሩ ብዙ ስምምነቶች አሉት። እነዚህን ስምምነቶች የሚያውቃቸው የተጻፈለት ማስኬጃ ነው። ማስኬጃው በሌላ ሥሪት ሲተካ ስምምነቱም አብሮ ሊለወጥ ይችላል።

ለዓመታት በደኅና ሲሠራ የቆየ ፕሮግራም ማንም ሳይነካው በድንገት መሥራቱን የሚያቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ባለቤቱ «ምንም አልነካንም» ሲል እውነቱን ነው። ነገር ግን ሰርቨሩን ያከራየው ድርጅት ማስኬጃውን አድሶት፥ ወይም ኮምፒዩተሩ በሌሊት በራሱ ታድሶ ሊሆን ይችላል።

፪. አለመስማማቱ የሚታወቅባቸው ምልክቶች

አለመስማማቱ በአንድ መልክ ብቻ አይገለጥም። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት በተለያዩ ማስኬጃዎች በእርግጥ የታወቁ ጉዳዮች ናቸው።

የመጀመሪያው ምልክት ግልጽ እንቢታ ነው። ጄፔግ የተባለውን የፎቶግራፍ ዐይነት ከሚከፍቱት ላይብረሪዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው ሥሪቱ ራሱን በ62 ቍጥር ያስታውቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ስምንተኛው ሥሪት ደግሞ በ80 ቍጥር ይታወቃል። ለስምንተኛው የተሠራ ፕሮግራም የቀድሞውን ያገኘ እንደ ሆነ የላይብረሪው ሥሪት ትክክል አለመሆኑን፥ ያለው 62፥ ጠሪው የሚጠብቀው ግን 80 መሆኑን የሚገልጥ መልእክት ይጻፍና ሥራው ይቆማል። መልእክቱ ለባለ ሱቅ የሚያስደነግጥ ቢመስልም ከሁሉ የተሻለው ምልክት ይህ ነው፤ በሽታውን በስሙ ጠርቶ ይናገራልና።

ሁለተኛው ዝምታ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2020 ፒኤችፒ 8.0 ሲወጣ ጂዲ የተባለው የሥዕል ላይብረሪ የከፈተውን ሥዕል የሚያስረክብበትን መልክ ለወጠ። ቀድሞ የተከፈተው ሥዕል «ሪሶርስ» የሚባል ነገር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን «ኦብጀክት» ሆነ። በዚህም የተነሣ «የተረከብሁት ነገር ሪሶርስ ነውን?» ብሎ የሚጠይቅ የቆየ ፕሮግራም «አይደለም» የሚል መልስ ያገኛል። ሥዕሉ በደኅና ተከፍቶ ሳለ ፕሮግራሙ ያልተከፈተ መስሎት ቦታውን ባዶ ትቶ ያልፋል። እንደ ፕሮግራሙ አጻጻፍ አንድም የስሕተት ቃል ላይጻፍ ይችላል።

ሦስተኛው የስም መለወጥ ነው። በፓይተን ሥዕል ለማሳነስ የሚያገለግለው ፒሎው የተባለው ላይብረሪ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 በ10.0 ሥሪቱ «አንቲኤሊያስ» የተባለውን የቆየ ስም አስወገደ። ሥራው ራሱ «ላንቾስ» በሚል ስም አለ፤ የጠፋው የቀድሞ መጠሪያው ብቻ ነው። ነገር ግን በአሮጌው ስም የሚጣራ ፕሮግራም መልስ ስለማያገኝ እዚያው ይቆማል። መድኃኒቱ የአንድ ቃል ለውጥ ነው፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ግን ፕሮግራሙን በሙሉ እንደ አዲስ ሊያሠራ ይችላል።

አራተኛው ሥዕሉ ታይቶ ፊደሉ ሲጠፋ ነው። የኦራክል ጃቫ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 በወጣው 11ኛ ሥሪቱ ቀድሞ ከራሱ ጋር ይሰጣቸው የነበሩትን ሉሲዳ የተባሉ ፎንቶች ማቅረቡን ተወ፤ ከዚያ በኋላ የሚጠቀመው በኮምፒዩተሩ ላይ በተጫኑት ፎንቶች ነው። ስለዚህ ፎንት ባልተጫነበት ሰርቨር ላይ የዋጋ ዝርዝርን ወይም ግራፍን በሥዕል መልክ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ሥራውን ሊያቋርጥ ይችላል። ለአማርኛ ጽሑፍ ነገሩ ከዚህም ይጠነክራል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የገባ ቢሆንም፥ ሰርቨሩ ላይ የግእዝ ፊደል ያለው ፎንት ከሌለ በ«ቡና» ቦታ ሁለት ባዶ ሳጥኖች ተሥለው ይወጣሉ። እንደ አቢሲኒካ ወይም እንደ ኖቶ ኢትዮፒክ ያለ ፎንት በሰርቨሩ ላይ በመጫን ይቃናል።

አምስተኛው ማስኬጃው በአንድ ዐይነት ኮምፒዩተር ላይ ያንን ሥራ መደገፉን ሲተው ነው። የዶትኔት ፕሮግራሞች ሥዕል ለመሣል ሲጠቀሙበት የኖሩት ሲስተም ድሮዊንግ የተባለው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ዶትኔት 6 ጀምሮ በዊንዶውስ ላይ ብቻ እንዲሠራ ተወሰነ። ለጊዜው ውሳኔውን ማለፊያ መንገድ ተትቶ ነበር፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ2022 በዶትኔት 7 ተዘጋ። በሊኑክስ ሰርቨር ላይ በዚህ ክፍል ኢንቮይስ የሚያዘጋጅ ድርጅት ማስኬጃውን ወደ 7 ቢያሳድግ የድርጅቱን ምልክትና ባርኮዱን ማተም ይሳነዋል።

ስድስተኛው በገዥው በኩል ያለው ነው። የገዥው ስልክና ብራውዘርም ሥሪት አላቸው። ዌብፒ የተባለው ቀላል የሥዕል ዐይነት በአፕል ሳፋሪ ብራውዘር ላይ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው 14ኛ ሥሪት ነው። ከዚያ የቀደመ የሳፋሪ ሥሪት ያለበት አይፎን የያዘ ገዥ በሳፋሪ ሲከፍት ዌብፒ ብቻ ከሚያቀርብ ድረ ገጽ ላይ ዕቃውን ሊያይ አይችልም፤ ለሻጩ ግን በራሱ ስልክ ሁሉም ደኅና ሆኖ ይታየዋል። እንግዲህ ገዥው «አይታየኝም» ባለ ጊዜ «ለእኛ ይታየናል» ብሎ መመለስ መልስ አይደለም።

፫. አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው ሲታይ

ለትምህርት ያህል አንድ የቆዳ ውጤት ላኪ ድርጅት ይታሰብ። ድርጅቱ የ40 ቦርሳዎች ፎቶግራፍ በድረ ገጹ ላይ አለው። ፕሮግራሙ የተጻፈው ለፒኤችፒ 7.4 ሲሆን፥ ገዥ ገጹን በከፈተ ቍጥር ትልቁን ፎቶግራፍ ወስዶ ወርዱን ወደ 250 ፒክሰል እያሳነሰ እዚያው ያቀርባል። ሰርቨር አከራዩ በአንድ ሌሊት ማስኬጃውን ወደ 8.1 ያሳድጋል። በማግሥቱ ከባሕር ማዶ ገዥ መልእክት ይመጣል፤ ከ40ዎቹ ቦርሳዎች 27ቱ አይታዩትም፥ 13ቱ ግን ይታያሉ። ገዥው ለመጪው ወቅት የሚያዝዛቸውን ሞዴሎች እስከ ዓርብ መምረጥ አለበት፤ ካልሆነ ትእዛዙን ለሌላ አገር አቅራቢ ይሰጣል።

በዚህ ጊዜ አንዱ ፎቶግራፎቹ እንደ ገና ይነሡ ይላል። ሌላው ኢንተርኔቱ ደክሟል ይላል። ሁለቱም ቢሆኑ 13ቱ ለምን ታዩ ለሚለው ጥያቄ መልስ የላቸውም፤ ካሜራው አንድ፥ መስመሩም አንድ ነውና። የድርጅቱ ሒሳብ ያዥ ግን የሁሉንም ፎቶግራፎች ልክ በሁለት ዐምድ ይጽፋል፤ በአንዱ የሚታዩትን፥ በሌላው የማይታዩትን። ከሚታዩት መካከል 1000 በ800 እና 1200 በ600 ፒክሰል የሆኑ ይገኛሉ። ከማይታዩት መካከል ደግሞ 1200 በ800 እና 1200 በ900 የሆኑ አሉ።

አሁን ሒሳቡ ይሠራ። ወርዱ 250 ሲሆን ቁመቱ በዚያው ልክ ማነስ አለበት። ለመጀመሪያው 800 በ250 ተባዝቶ ለ1000 ሲካፈል 200 ይሆናል። ለሁለተኛው 600 በ250 ተባዝቶ ለ1200 ሲካፈል 125 ይሆናል። ሁለቱም ሙሉ ቍጥር ናቸው። ለሦስተኛው 800 በ250 ተባዝቶ ለ1200 ሲካፈል 166.67 ያህል፥ ለአራተኛው ደግሞ 900 በ250 ተባዝቶ ለ1200 ሲካፈል 187.5 ይሆናል። የማይታዩት ሁሉ ቁመታቸው ክፍልፋይ የወጣባቸው ናቸው። ነገሩ ከካሜራው ሳይሆን ከሒሳቡ መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። ፒክሰል አይከፈልም፤ ስለዚህ የሥዕል ላይብረሪው ሙሉ ቍጥር ይፈልጋል። የቀድሞዎቹ የፒኤችፒ ሥሪቶች ክፍልፋዩን በዝምታ ጥለው 166ቱን ብቻ ይወስዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 የወጣው 8.1 ሥሪትም ክፍልፋዩን ይጥላል፤ ነገር ግን ይህ አሠራር ወደፊት የሚቀር መሆኑን የሚያስታውቅ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። በዚህ ድርጅት ሰርቨር ላይ ማስጠንቀቂያዎች በገጹ ላይ እንዲታዩ ተፈቅዶ ስለ ነበረ፥ ጽሑፉ ከሥዕሉ ቀድሞ ወደ ገዥው ብራውዘር ሄደ። የጄፔግ ፋይል ሁልጊዜ በ255 እና በ216 ቍጥሮች መጀመር አለበት፤ ፒኤንጂ የተባለውም ዐይነት በ137፥ 80፥ 78፥ 71፥ 13፥ 10፥ 26፥ 10 ይጀምራል። ብራውዘሩ በእነዚህ ቍጥሮች ፈንታ የማስጠንቀቂያ ፊደላትን ፊት ለፊት ስላገኘ ሥዕል መሆኑን አላወቀም። ማኅተሙ ላይ ሌላ ወረቀት የተለጠፈበት ደብዳቤ ቢደርሰው የባንክ ሠራተኛ እንደሚመልሰው ሁሉ ብራውዘሩም ፎቶግራፉን መለሰው።

ጥገናው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፥ ፕሮግራሙ ቁመቱን ለላይብረሪው ከማስረከቡ በፊት ራሱ ወደ ሙሉ ቍጥር እንዲያጠጋጋው ይደረጋል፤ ይህም የአንድ መስመር ሥራ ነው። ሁለተኛ፥ ማስጠንቀቂያዎች ለደንበኛ መታየታቸው ቀርቶ በሰርቨሩ የስሕተት መዝገብ ላይ ብቻ እንዲጻፉ ይታዘዛል። ሁለተኛው ብቻ ቢደረግ ሥዕሎቹ ወዲያው ይታያሉ፤ ነገር ግን ማስጠንቀቂያውን መሸፈን ችግሩን ማስወገድ አይደለም። ዛሬ በማስጠንቀቂያ የታለፈው ነገር በሚመጣው ትልቅ ሥሪት ሊከለከል ይችላልና፥ ያው ጉዳይ በሌላ ሳምንት፥ ምናልባትም በባሰ ጊዜ ይመለሳል።

፬. የምርመራው ቅደም ተከተል

ከላይ ከተነገረው ሁሉ ለማንኛውም ሱቅና ድርጅት የሚሆን የምርመራ ሥርዓት ማውጣት ይቻላል። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፤ የሚቀድሙት ጥያቄዎች ወጪ የሌለባቸው፥ የሚከተሉት ደግሞ ባለሙያ የሚጠይቁ ናቸውና።

1ኛ፤ ዋናው ፋይል ጤናማ ነውን? የመጀመሪያው ፎቶግራፍ ቅጂ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ በተለመደው የሥዕል ማሳያ ይከፈት። ከተከፈተ ፎቶግራፍ አንሺውን መጥራት አያስፈልግም።

2ኛ፤ የጠፉት ሁሉም ናቸው ወይስ አንዳንዶቹ? ሁሉም ከጠፉ ላይብረሪው አለመኖሩን ወይም መለወጡን መጠርጠር ይገባል። የጠፉት የጄፔግ ዐይነቶች ብቻ ሆነው ፒኤንጂዎቹ ከታዩ፥ ላይብረሪው ያለ ጄፔግ ድጋፍ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። ፒኤችፒ 7.4 ሲወጣ ጂዲን ከጄፔግ ጋር ለመሥራት የሚሰጠው ትእዛዝ ተለውጦ ስለ ነበር፥ በቀድሞው መመሪያ ሰርቨር የሠሩ ሰዎች ላይ ይህ ደርሷል። የጠፉት አንዳንዶቹ ብቻ ከሆኑ እንደ ላይኛው ምሳሌ በሁለት ዐምድ ጽፎ የጋራ ጠባያቸውን መፈለግ ነው።

3ኛ፤ በሌላ መሣሪያ ላይ ይታያልን? በአንድ ስልክ ታይቶ በሌላው ካልታየ ምርመራው ወደ ገዥው ብራውዘር ሥሪት ይዞራል። ብራውዘር ቀድሞ ያየውን በማኅደሩ ስለሚያስቀምጥ፥ ከጥገና በኋላም አሮጌው ስሕተት ሊታይ ይችላል፤ ማኅደሩን አጥርቶ እንደ ገና መክፈት ያስፈልጋል።

4ኛ፤ ችግሩ የጀመረው በየትኛው ቀን ነው? በዚያ ሳምንት ምን ታደሰ? ይህ ጥያቄ ለሰርቨር አከራዩ፥ ለፕሮግራም ሠሪውና በቢሮው ኮምፒዩተር ላይ ለሚሠራው ሁሉ ይቅረብ። «ምን ተበላሸ?» ከማለት ይልቅ «ምን ተለወጠ?» ማለት ቶሎ ወደ መልስ ያደርሳል።

5ኛ፤ የስሕተት መዝገቡ ምን ይላል? መዝገቡ በመቶ መስመር ቢሞላ ችግሩ በጀመረበት ሰዓት የተጻፈው የመጀመሪያው መስመር ይነበብ። ተከታዮቹ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ውጤቶች ናቸው።

6ኛ፤ ፕሮግራሙ የሚፈልገው ሥሪት ስንት ነው? ያለውስ ስንት ነው? ሁለቱ ቍጥሮች ጎን ለጎን ይጻፉ። እዚህ ላይ ባለሙያዎችን ሳይቀር የሚያሳስት ነገር አለ። በአንድ ሰርቨር ላይ ሁለትና ሦስት የማስኬጃ ሥሪቶች አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። በትእዛዝ መስኮት ተጠይቆ የሚመልሰው አንዱ፥ ድረ ገጹን በእርግጥ የሚያሠራው ሌላው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሥሪቱ መጠየቅ ያለበት በድረ ገጹ በኩል ነው።

7ኛ፤ ለውጥ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ይደረግ። ሦስት ነገር በአንድነት ተለውጦ ሥዕሉ ቢመለስ የትኛው እንዳዳነው አይታወቅም፤ በሚቀጥለውም ጊዜ ሦስቱንም መክፈል ይመጣል።

፭. የመጠገኛው ሦስት መንገዶች

አለመስማማቱ ከታወቀ በኋላ የሚመረጡ ሦስት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ማስኬጃውን ወደ ቀድሞው ሥሪት መመለስ ነው። ገዥ እየጠበቀ፥ ጊዜም በሌለበት ሰዓት ይህ ፈጣኑ መንገድ ነው። ነገር ግን ጊዜያዊ መሆኑ አይረሳ። ለምሳሌ ፒኤችፒ 7.4 እ.ኤ.አ. ከኅዳር 28 ቀን 2022 ጀምሮ ከአዘጋጆቹ የደኅንነት እድሳት አይሰጠውም። በእንዲህ ያለ ሥሪት ላይ የደንበኞችን ስምና ሒሳብ ማኖር ቍልፉ በተሰበረ መጋዘን ዕቃ እንደ ማሳደር ነው። ወደ ቀድሞው የተመለሰ ሁሉ ወደ አዲሱ የሚሻገርበትን ቀን ቈርጦ ሊጽፍ ይገባዋል።

ሁለተኛው ፕሮግራሙን ከአዲሱ ማስኬጃ ጋር እንዲስማማ ማረም ነው። ዘላቂው ይህ ነው። የሚፈጀው ጊዜ እንደ ፕሮግራሙ አሠራር ይለያያል፤ ከላይ እንደ ታየው አንዳንዱ የአንድ መስመር፥ አንዳንዱም የአንድ ቃል ሥራ ነው። ሠሪው ባለሙያ ከዋጋው በፊት የትኛው መስመር በየትኛው ሥሪት ለውጥ ምክንያት እንደሚታረም በጽሑፍ እንዲያሳይ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሦስተኛው ፕሮግራሙን ከሚስማማው ማስኬጃና ላይብረሪ ጋር በአንድነት አሽጎ መያዝ ነው። ይህ አሠራር ኮንቴይነር ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ዶከር በተባለው ሶፍትዌር አማካይነትም በሰፊው ታውቋል። ስሙ ለአስመጪና ለላኪ እንግዳ አይደለም። ዕቃ በሞጆ ደረቅ ወደብ በኮንቴይነር ታሽጎ ሲላክ መርከቡም ሆነ ከባድ መኪናው ቢለዋወጥ በውስጥ ያለው እንደማይነካ ሁሉ፥ እንዲህ የታሸገ ፕሮግራምም ሰርቨሩ ቢለወጥ የለመደውን ማስኬጃ ይዞ ይጓዛል። ሆኖም የታሸገው ነገር በራሱ ስለማይታደስ በየጊዜው ተከፍቶ መመርመርና መታደስ አለበት።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ሙከራው አስቀድሞ በቅጂ ላይ እንጂ ገዥ በሚያየው ድረ ገጽ ላይ አይደረግ። ከሙከራውም በፊት የፕሮግራሙና የሥዕሎቹ መጠባበቂያ ቅጂ በሌላ ቦታ ይቀመጥ።

፮. የሥሪት መዝገብና የውል ቃል

ጥንቃቄ ያለው ነጋዴ የዕቃ ገቢና ወጪ መዝገብ እንዳለው ሁሉ የሥሪት መዝገብም ሊኖረው ይገባል። ለዚህ አንድ ደብተር ይበቃል። ዐምዶቹም እነዚህ ናቸው፤ የፕሮግራሙ ስምና ሥራው፤ የማስኬጃው ስምና ሥሪት፤ የሥዕል ላይብረሪው ስምና ሥሪት፤ የተጫኑት ፎንቶች፤ የመጨረሻው እድሳት ቀንና ያደሰው ሰው፤ ለዚያ ሥሪት የሚሰጠው እድሳት የሚያበቃበት ቀን፤ መጠባበቂያ ቅጂው የሚገኝበት ቦታ። ይህ መዝገብ ያለው ድርጅት ባለሙያው ቢለወጥ እንኳ ከባዶ አይጀምርም።

ከሰርቨር አከራይና ከፕሮግራም ሠሪ ጋር በሚደረገው ውል ውስጥም ጥቂት ቃላት መጨመር ብዙ ጉዳት ያስቀራል። ማስኬጃ ከመታደሱ በፊት በቂ ቀን ቀድሞ በጽሑፍ እንዲነገር፤ አዲሱ ሥሪት በቅጂ ላይ እንዲሞከር፤ ችግር ቢነሣ በስንት ሰዓት ውስጥ ወደ ቀድሞው እንደሚመለስ፤ ሥራው ሲያበቃም የሥሪቶቹ ዝርዝር ለባለቤቱ እንዲሰጥ መወሰን ያስፈልጋል። እነዚህን አራት ነገሮች ያልያዘ ውል መስፈሪያው ሳይጻፍ «ቡና 50» እንዳለው መዝገብ ነው። ሰላም እስካለ ድረስ ጉድለቱ አይታይም፤ አንባቢው በተለወጠ ቀን ግን ዋጋ ያስከፍላል።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» እንደሚባለው፥ ሥዕል በጠፋ ጊዜ ከሥሩ መጀመር ማለት አስቀድሞ ሁለቱን ቍጥሮች፥ ማለትም ፕሮግራሙ የሚፈልገውንና ሰርቨሩ ላይ ያለውን ማስተያየት ነው። ይህን የሚያደርግ ነጋዴ ጤናማውን ፎቶግራፍ አይጥልም፥ ያላረጀውን ኮምፒዩተር አይለውጥም፥ ዓርብን የሚጠብቀውንም ገዥ አያጣም። መዝገቡን ለመጀመር ከዚህ ሳምንት የተሻለ ጊዜ የለም፤ ሥዕሎቹ ሁሉ በደኅና እየታዩ ሳሉ የተጻፈ ቍጥር በጠፉ ቀን የሚፈለገው እርሱ ነውና።